ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ዛንዚባር ባሕር፦ ለደገኛ ተጓዥ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ጋቢውን አጣጥፎ የሸሚዙን ቁልፍ የሚያስፈታ የአየር ለውጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከደብረ ብርሃን ወደ ዛንዚባር መሄድም ያው ቁልቁለት ነው፤ ልዩነቱ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ተነሥተው ሸዋ ሮቢት ላይ ሳይቆሙ እስከ ባሕር ጠለል ድረስ መውረድዎና ታች ሲደርሱ የሚቀበልዎ ብዙዎቻችን በዓይናችን ያላየነው ባሕር መሆኑ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በሰሜን ሸዋ ደጋ ላደገ፣ ዋና ለማያውቅና ወደ ደሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ነው። የጉዞው ከባድ ሥራ የሚያልቀው እዚሁ አገር ቤት በመሆኑ የመመሪያው ሰፊ ክፍል ከመነሣት በፊት ስለሚደረገው ይናገራል።

ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዛንዚባር የታንዛንያ አካል ሆኖ የራሱ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት ያለው የደሴቶች ስብስብ ነው። ዋነኞቹ ደሴቶች ኡንጉጃና ፔምባ ሲሆኑ ተጓዦች «ዛንዚባር ሄድን» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ኡንጉጃን ማለታቸው ነው። ኡንጉጃ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ስላላት ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቀን በመኪና ደርሶ መመለስ ይቻላል።

አንደኛ፦ ወቅቱን መምረጥ

የኛ ክረምት የእነርሱ በጋ ነው። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ስድስት ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ደብረ ብርሃን በዝናብና በጉም በምትዋጥበት ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ እዚያ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም «ኩሲ» የሚባለው ቀዝቀዝ ያለ የደቡብ ነፋስ ነው። ለደገኛ ሰውነት ከዚህ የሚሻል ወቅት የለም። ሁለተኛው ምርጫ ከገና እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሲሆን ባሕሩ የሞቀና የረጋ ቢሆንም ሙቀቱ ከባድ ነው፤ የሆቴል ዋጋም በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን ይንራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፋሲካ ነው። ጾሙ ስለተፈታና የዕረፍት ቀናት ስለሚገጣጠሙ የጉዞ አሳብ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ይሁን እንጂ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት «ማሲካ» የሚባለው ዋናው የዝናብ ወቅታቸው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሊዘንብ፣ የጀልባ ጉዞ ሊሰረዝና አንዳንድ ሆቴሎችም ሊዘጉ ይችላሉ። በኅዳር አካባቢ የሚጥለው «ቩሊ» ግን አጭር ነው፤ ጥሎ ያባራል፣ ፀሐዩም ወዲያው ይመለሳል። ከወቅቱ ጋር የረመዳንን ወር ማየትም ይገባል፤ ምክንያቱን ስለ ምግብ በምንናገርበት ቦታ እንመለስበታለን።

ሁለተኛ፦ ሰነዶች

ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። መጀመሪያ የፓስፖርትዎ የአገልግሎት ጊዜ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የታንዛንያ ኢሚግሬሽን በኢንተርኔት በሚቀበለው ማመልከቻ ቪዛ ይጠይቁ። «እዚያው ኤርፖርት እንደደረስኩ እከፍላለሁ» የሚለውን የሰው ወሬ ተማምኖ መነሣት አይገባም፤ የቪዛ ደንብ እንደ ፓስፖርቱ አገር ስለሚለያይ ሌላው የተፈቀደለት ለእርስዎ ላይፈቀድ ይችላል። የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬትም የቪዛው መልስ በእጅዎ ሳይገባ አይቁረጡ።

ሦስተኛው ሰነድ ኢንሹራንስ ነው። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ ሁሉ ከመንግሥታዊው የዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን የጉዞ ዋስትና እንዲገዛ ተደንግጓል፤ ለአዋቂ ሰው የተተመነው ዋጋ 44 የአሜሪካ ዶላር ነው። ከሌላ ቦታ የገዙት ኢንሹራንስ ቢኖርዎ እንኳ ይህን አይተካም። ክፍያው በኢንተርኔት ስለሚፈጸም ደረሰኙን አትመው ይያዙ፤ የስልክ ባትሪ ኤርፖርት ላይ ማለቅ ይወዳል።

አራተኛው ቢጫ ካርድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች የምትመደብ በመሆኗ ከዚህ የሚሄድ ሰው የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው ተከትቦም ሊመለስ ይችላል። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ግን ማስረጃው ዕድሜ ልክ ያገለግለዋል፤ ከዚህ በፊት ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ የወሰዱት ካርድ ካለ ሣጥንዎን ይፈትሹ።

ለክትባቱ በሄዱበት ቀን ስለ ወባም ሐኪም ያማክሩ። ዛንዚባር ወባን በእጅጉ የቀነሰች ደሴት ብትሆንም ጨርሳ አላጠፋችውም፤ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበርና መንዝ ላይ ያደገ ሰው ደግሞ በሽታውን የሚቋቋም የዳበረ መከላከያ በሰውነቱ የለውም። ሐኪሙ ከጉዞው በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላም የሚቀጥል መድኃኒት ሊያዝልዎ ይችላል። የታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል የሚያደርግ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሦስተኛ፦ ገንዘብ

ብር እዚያ የሚመነዝርልዎ የለም። ከቦሌ እስከ ደብረ ብርሃን ለሚያደርሰው 130 ኪሎ ሜትር የመመለሻ መንገድ የሚበቃውን ብቻ ይያዙ። ዶላር ለማግኘት ባንኮች ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይጠይቃሉ፤ በዞኑ ከተሞች ያሉ ቅርንጫፎች ጥሬ ዶላር በየቀኑ ላይኖራቸው ስለሚችል ቀደም ብሎ ማመልከት ይበጃል። የሚሰጥዎትን ኖት አንድ በአንድ ይመልከቱ፦ የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ ኖት ብዙ ቦታ አይቀበሉትም። የሆቴልና የሽርሽር ዋጋ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ብዙ ጊዜ በዶላር ይነገር ነበር፤ ለገበያ፣ ለታክሲና ለምግብ ግን የታንዛንያ ሽልንግ ያስፈልጋል። የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች በዋናው ከተማ በስቶን ታውን እንደልብ ሲገኙ በባሕር ዳርቻ መንደሮች ግን ጥቂት ናቸው።

አራተኛ፦ ጓዝ

ከሁሉ በፊት ፌስታል። ታንዛንያ ከግንቦት 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢቶችን ስለከለከለች ወደ አገሩ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። የኛ ሰው ደግሞ ጫማውንም፣ ቆሎውንም፣ ሳሙናውንም በፌስታል ጠቅልሎ ካልሆነ ሻንጣ የዘጋ አይመስለውም። ስንቅዎን በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ያድርጉ። ዳቦ ቆሎና ቆሎ ሙቀቱን ይችላሉ፤ እንጀራ ግን በዚያ እርጥበት በሁለተኛው ቀን ሻጋታ ስለሚያወጣ ባይሞከር ይሻላል።

ልብስ ስስ የጥጥ ይሁን። ለሴቶች ነጠላ ከማንኛውም የውጭ ልብስ ይልቅ ይጠቅማል፤ በፀሐይ ጥላ ይሆናል፣ በከተማ ትከሻ ይሸፍናል፣ ማታ ከትንኝ ይከላከላል። ለወንዶች ቢያንስ ሁለት ረጅም ስስ ሱሪ ያስፈልጋል። ለባሕር ደግሞ ኮንጎ ጫማ ይያዙ። አይሣቁ፤ የገጠሩ ሰው ለጭቃ የሚያደርገው ያ የፕላስቲክ ጫማ ጠንካራ ሶሉ ከታች ከምንናገረው እሾህ የሚያድን፣ ውኃ የማያበላሸውና በባሕር ዳር ሱቆች ለተመሳሳይ ሥራ ከሚሸጠው ጫማ ዋጋው እጅግ የረከሰ ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ሰፊ ባርኔጣና ጥቂት ፓኬት ኦአርኤስ ይጨምሩ። የኤሌክትሪክ ሶኬታቸው እንደ እንግሊዞቹ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ስለሆነ የኛ ቻርጀር ያለ ማገናኛ አይገባበትም።

ጋቢውን ቤት አይተዉት፤ ለመልሱ መንገድ በሻንጣው ሥር ይቀመጥ።

አምስተኛ፦ መድረስና ሰዓት

ቀጥታ በረራ ከሆነ ከአዲስ አበባ እስከ ዛንዚባር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ወደ ዳሬ ሰላም በርሮ ከዚያ በፈጣን መርከብ መሻገርም ይቻላል፤ የባሕሩ ጉዞ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከአውሮፕላኑ በር ሲወጡ ፊትዎን የሚመታው ሙቀት እርጥበት ስለተሞላ እንደ ሸዋ ሮቢቱ ደረቅ አይደለም፤ ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ከጥላ አይውጡ፤ ውኃም ሳይጠማዎ ይጠጡ። የቧንቧ ውኃ አይጠጣም፤ የታሸገውን ይግዙ።

አሁን ደስ የሚያሰኘው ነገር። የዛንዚባር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። በስዋሂሊ ከንጋቱ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት «ሳአ ሞጃ» ማለትም አንድ ሰዓት ሲሆን «ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ» ሲባሉ ያለ ምንም ሒሳብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብለው ይረዱ። የጊዜ ክልላችንም አንድ በመሆኑ የእጅ ሰዓትዎን አይነኩትም። አውሮጳዊው ተጓዥ ስድስት ሰዓት እየጨመረና እየቀነሰ ሲደናገር ሐበሻ በአገሩ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላ በኩል ነው፤ ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎችና መርከቦች በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጠቀሙ ለእርስዎ ቀጠሮ ሲሰጡ በየትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ቃላቱም ቢሆኑ እንግዳ አይሆኑብዎትም፦ ባሕር «ባሃሪ»፣ ስኳር «ሱካሪ»፣ ቅርንፉድ «ካራፉ» ነው።

ታክሲዎች ሜትር ስለሌላቸው ዋጋ ሳይነጋገሩ አይሳፈሩ። «ዳላ ዳላ» የሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ ርካሽ ቢሆንም ሻንጣ ለያዘ ሰው አይመችም። መኪና በመንገዱ ግራ ስለሚሄድ አስፋልት ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ፤ ይህን መርሳት በአንደኛው ቀን ሁሉንም ያስደነግጣል። ሞተር ሳይክል ተከራይቶ መንዳትን፣ በለመደው በቀኝ በኩል እንኳ ነድቶ ለማያውቅ ሰው አልመክርም።

ስድስተኛ፦ ማደሪያና ባሕሩ

ሁለት ሌሊት በስቶን ታውን፣ ቀሪውን በባሕር ዳርቻ ማሳለፍ ለመጀመሪያ ጉዞ ይስማማል። ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ጠባብ ጎዳናዎቹና የተቀረጹ የእንጨት በሮቹ የሚታወቁ የድንጋይ ከተማ ነው። በእግር መጥፋት እዚያ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ሆኖም አንድ ቦታ ሳያዩ አይለፉ፦ እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ የነበረበትን ሥፍራ። ዛሬ በላዩ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሞበታል፤ አጠገቡም ሰዎች ታስረው ይጠበቁበት እንደነበር የሚነገርለት ጠባብ ምድር ቤት ይታያል።

የባሕር ዳርቻ ሲመርጡ ግን ከሆቴሉ ፎቶግራፍ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ ባሕሩ በቦታው አይቀመጥም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚወስድ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበረታል፤ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ወደ 4 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። በባሕረ ሐሳብ የጨረቃን ሌሊት መቁጠር የተማረ ሰው፣ እንዲሁም ጨረቃ አይቶ ረመዳንን የሚይዝ የይፋት ጎረቤታችን የትኛው ሳምንት ብርቱ ሙላት እንደሚኖረው ያለ ስልክ ሊያውቅ ይችላል። ሌሎቻችን የዕለቱን የሙላትና የጉድለት ሰዓት ሆቴሉ ውስጥ ጠይቀን በወረቀት እንያዝ።

ይህ ምርጫዎን ይወስናል። በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄና በጃምቢያኒ ባሕሩ ሲጎድል እስከ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚሸሽ ለዋና የመጣ ሰው ግማሽ ቀን እርጥብ አሸዋ ሲያይ ይውላል። በሰሜኑ ጫፍ በኑንጉዊና በኬንዱዋ ግን ውኃው ብዙ ስለማይርቅ በየትኛውም ሰዓት መግባት ይቻላል። ዋና ለመለማመድ ሰሜኑን፣ የባሕሩን ወለል በእግር ለማየትና ለጸጥታ ምሥራቁን ይምረጡ። እኔ በበኩሌ ምሥራቁን እወዳለሁ፤ ነገር ግን ዋጋ ከፍዬበታለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ የባሕር ሣር የሚያመርቱትን ሴቶች ተከትዬ በጉድለት ሰዓት ወደ ውስጥ ዘለቅሁ። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ሲመለሱ ምክንያቱን ሳልጠይቅ ዛጎል ስመለከት ቆየሁ። ውኃው የሚመለሰው ከፊት ለፊት እንደ ጎርፍ እየጮኸ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን በዝግታ፣ ዝቅ ባለው ቦይ በኩል ከኋላዬ ዞሮ ሞልቶ አገኘሁት። እስከ ወገቤ እየረጠብሁ ስወጣ ከጫማዬ አንዱ ቀርቶ ስለነበር የባሕር ጃርት ረገጥሁ።

የባሕር ጃርት ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ስሙ እሾህ የለበሰ ፍጥረት ሆኖ በድንጋይና በኮራል መካከል ይቀመጣል። እሾሁ በቆዳ ውስጥ ይሰበራል። ከወጋዎ እግርዎን በማያቃጥል ነገር ግን በሚቻለው መጠን ሞቅ ባለ ውኃ ይዘፍዝፉ፤ የሚታየውን እሾህ በወረንጦ ያውጡ፣ የጠለቀውን ግን አይቆፍሩ፤ ካመረቀዘ ሐኪም ይየው። ለእኔ የአገሬው ሰዎች የጥሬ ፓፓያ ወተት ቀቡልኝ።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው። በጉድለት ሰዓት ወደ ውስጥ የሚሄዱ ከሆነ ባሕሩ መጉደሉን ሳይጨርስ ይግቡ፤ መመለስ ሲጀምር እርስዎም ይመለሱ፤ የአካባቢው ሰዎች ሲወጡ ያለ ክርክር ይውጡ። ዋና የማያውቅ ሰው ከእምብርቱ በላይ ባለ ውኃ አይግባ። ጅረት ወደ ውስጥ ከሳበዎ ፊት ለፊት አይታገሉት፤ ጨዋማ ውኃ ከወንዝ ይልቅ ሰውን ስለሚያነሣ በጀርባዎ ተንጋለው እጅዎን አንሥተው ይጣሩ። መጠጥ ቀምሶ ባሕር መግባት የሰከረን ሰው ወደ ገደል እንደ መስደድ ነው፤ አይሞከርም።

ወደ ቻንጉ ደሴት ግዙፎቹን ኤሊዎች ለማየት ወይም ዓሣ ለመመልከት በጀልባ ሲሄዱ ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ቆጥረው ሳያዩ አይሳፈሩ። ከመጠን በላይ በጫነ መርከብ አይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ሲጓዝ የሰጠመው ስፓይስ አይላንደር የተባለው መርከብ ከአቅሙ በላይ ጭኖ ስለነበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል።

ሰባተኛ፦ ምግብ፣ ጾምና አለባበስ

የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ስለሆነ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ ወይም ከአርጎባ የሚሄድ ሙስሊም ተጓዥ ስለ ምግቡ የሚያስጨንቀው ነገር የለም። ክርስቲያኑ ተጓዥ ደግሞ በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው ሥጋ በእስልምና ሥርዓት የታረደ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ይህን የማይበላ ሰው ግን ዓሣ፣ ኦክቶፐስና ሩዝ በሞላበት አገር አይራብም። ማታ በስቶን ታውን ባሕር ዳር በፎሮዳኒ የአትክልት ሥፍራ የሚበስለውን ሁሉ እየዞሩ አይተው፣ ትኩሱንና ፊትዎ የተጠበሰውን ይምረጡ።

በጾም የሚሄዱ ከሆነ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል ቀይ አደንጓሬ «ማሃራጌ»፣ በኮኮናት የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል «ምቺቻ»፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ሙዝና ካሳቫ ያገኛሉ። ሦስት ቃል ይያዙ፦ «ቢላ ኒያማ» ያለ ሥጋ፣ «ቢላ ማዚዋ» ያለ ወተት፣ «ቢላ ማያይ» ያለ እንቁላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የእርስዎና የንስሐ አባትዎ ጉዳይ ነው። በረመዳን የሚሄዱ ከሆነ ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ከሆቴል ውጭ በአደባባይ መብላት፣ ውኃ መጠጣትና ማጨስም ትልቅ ነውር ነው። ጾም ለሚያውቅ የሸዋ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም።

በከተማና በመንደር ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ የዋና ልብስ ለባሕር ዳርቻ ብቻ ነው። ሽማግሌ ሲያገኙ «ሺካሞ» ይበሉ፤ «ማራሃባ» ብለው ይመልሱልዎታል። እንደኛው ሁሉ በዕድሜ የሚተልቀውን ቀድሞ እጅ መንሣት ወግ ነው። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ። በባሕር ዳርቻ ሽርሽርና ዕቃ ለመሸጥ የሚከታተሉ ወጣቶች «ፓፓሲ» ይባላሉ፤ ቃሉ መዥገር ማለት ነው። «ሃፓና፣ አሳንቴ» ብሎ ፈገግ እያሉ መሄድ ይበቃል፤ ቆሞ ምክንያት ማስረዳት የጀመረ ሰው ግን ወይ ጀልባ ይከራያል ወይ ሥዕል ይገዛል።

ስምንተኛ፦ ግዢ

ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ በዳራጃኒ ገበያ ይግዙ፤ ለቱሪስት ተብሎ በትንንሽ ሣጥን ከታሸገው ይልቅ በሚዛን የሚሸጠው ትኩስና ርካሽ ነው። ቅርንፉዱን በጥፍርዎ ሲጫኑት ዘይት ካላወጣ አሮጌ ነው። ዛጎል፣ ኮራልና ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የተሠራ ነገር ግን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ስለሆነ ቢያምርም ይተዉት።

ዘጠነኛ፦ መመለስ

ቢጫ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ያኑሩ። ቦሌ ሲደርሱ ጋቢውን ያውጡ፤ በላብ የሰነበተ ሰውነት የደብረ ብርሃንን የንጋት ብርድ ድንገት ሲያገኝ ጉንፋን አይምርም። የታዘዘልዎት የወባ መድኃኒት ካለ «አሁንማ አገሬ ገባሁ» ብለው አያቋርጡት፤ ወባ ትንኝ ከነከሰች ከሳምንት እስከ ወራት ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከጀመረዎ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ወባ በማይገኝበት ከተማ የሚሠራ ሐኪም መጀመሪያ ጉንፋንን ወይም ታይፎይድን ሊጠረጥር ስለሚችል ከባሕር ዳር አገር መምጣትዎንና የተመለሱበትን ቀን ሳይጠየቁ ይንገሩት፤ የደም ምርመራም ይጠይቁ።